ሰባተኛ ክፍል አፉን እስኪፈታ

ኅዳር 8 ቀን 1957፣ ማክሰኞ፣ ብቸና

ዛሬም ያው። ክፍልፋይ አስተማርኩ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ደግሜ ጻፍኩ። "ማን ይመልስልኛል?" ስል የሠላሳ አንዱም ልጅ አንገት ባንድ ጊዜ ተደፋ። ራሴ ጠይቄ ራሴ መለስኩ። ሐረር መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ስለማይናገር ክፍል ማንም አልነገረንም... ወይስ ሲነግሩን አንቀላፍቼ ነበር?

ከኋላ ይርሳው የሚባል አለ። ጋቢውን ደርቦ ነው የሚማረው። ከኔ በአምስት ስድስት ዓመት ሳይበልጥ አይቀርም። ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዘግይቶ የመጣ ነው። ትልቅ ስለሆነ ክፍሉን ያሟሙቅልኛል ብዬ ሁልጊዜ መጀመሪያ እሱን አስነሣለሁ። "ይርሳው፣ አንተ ተነሥ!" ይነሣል። ዝም። ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሙት ነው።

ሽሮዬ አረረ። በላሁት።

ኅዳር 11፣ ዓርብ

ዲሬክተሩ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ቢሮ ጠሩኝ። ግንቦት ላይ ከደብረ ማርቆስ ኢንስፔክተር ይመጣል። የሚያየው የኔን ክፍል ነው። ከወደደው ለከርሞ እዚሁ ስምንተኛ ክፍል ይከፈታል። ካልወደደው ስምንተኛ መማር የፈለገ ሞጣ ይሂድ። "ወይዘሪት ሸዋነሽ፣ ልጆቹን ብቻ ያናግሩልኝ" አሉኝ። ብቻ!

ስወጣ የሺእመቤትን አገኘኋት። ካሉኝ አራት ሴቶች ትጉዋ እሷ ናት። ሞጣ ዘመድ አላችሁ? አልኳት።

"የለንም እትዬ። አባቴ እዚህ ካልተከፈተ ይበቃሻል ብሎኛል።"

ባል ተገኝቶላታል ማለት ነው። አላለችውም፤ እኔም አልጠየቅኩ።

ኅዳር 15

እርሳስ ገዛሁ። ቀይ፣ ጫፉ ላይ ላጲስ ያለው። ቀድሞ እጁን ላወጣ ሽልማት ነው ብዬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። ሁሉም እርሳሱን አዩት። ማናዬ የሚባለው ልጅማ ዓይኑን መንቀል አቃተው። እጅ ግን... የለም። እርሳሱን ወደ መሳቢያዬ መለስኩ። እኔም እርሳሱም አፈርን።

ኅዳር 23

ተቆጣሁ። "ድንጋይ ነው እንዴ የማስተምረው?" አልኩ። ማንም ቀና አላለም። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በነሱ ይሁን በራሴ እንጃ። ጓደኛዬ አምሳለች ከሞጣ ጽፋልኛለች። ተማሪዎቿ ለመመለስ ይሻማሉ አሉ። ቀናሁ።

ታኅሣሥ 5፣ ሰኞ

የጽሑፍ ፈተና አረምኩ። ሃያ ሁለቱ ከሰማንያ በላይ! ማናዬ ዘጠና ስድስት። የሺእመቤት ዘጠና አራት። ደግሜ ቆጠርኩ። ያውቃሉ! ይርሳው ብቻ ነው ሠላሳ አንድ ያገኘ።

ካወቁ ታዲያ ምን ነክቷቸው ነው?

ታኅሣሥ 9

በእረፍት ሰዓት በር ላይ ማናዬ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ይርሳውን "የኔታ፣ ይለፉ" ሲለው ሰማሁ። የኔታ?! የሺእመቤትን ጠራኋት።

"እኛን ፊደል ያስቆጠሩን፣ ዳዊት ያስደገሙን እሳቸው ናቸው እኮ እትዬ።"

"እና?"

"እሳቸው ተነሥተው ያልመለሱትን እኛ ብንመልስ... ነውር አይሆንም?"

ክው አልኩ። ይኸን ያህል ጊዜ፣ በየቀኑ፣ መምህራቸውን በፊታቸው "አንተ" እያልኩ የማያውቁትን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ልጆቹን ዝም ያሰኘኋቸው እኔው ነኝ። ቆይ፣ ድንጋዩ ታዲያ ማን ሆነ?

ታኅሣሥ 12

ትምህርት ሲያልቅ የኔታ ይርሳውን ከባሕር ዛፉ ሥር አገኘኋቸውና ይቅርታ ጠየቅኩ። ምላሴ "አንተ" ከማለት ወደ "እርስዎ" እስኪዞር ሁለት ጊዜ ተደናቀፍኩ። ሳቁብኝ። ደግ ሳቅ ነው።

"ነገሩን ከርሜ አውቄዋለሁ" አሉ። "ልጆቹ በኔ ታሰሩ። ትቼ ልሂድ እያልኩ ነበር።"

ከመጀመሪያውስ ለምን መጡ? አልኳቸው።

"ያስተማርኳቸው ልጆች እኔ የማላውቀውን ይዘው ይመጡ ጀመር። እኔም ልወቀው አልኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

እባክዎ አይሂዱ አልኩ። እስቲ ላስብበት አሉኝ። ቢሄዱ ክፍሉ ይናገርልኝ ይሆናል... ይኸን ማሰቤ ራሱ አሳፈረኝ። መማር የፈለገ ሰው አስወጥቼ ምን አስተማርኩ ልል ነው?

ታኅሣሥ 21

የኔታ አልሄዱም። እኔም ማስነሣቱን ትቻለሁ። ልጆቹ ግን ያው ዝም።

ጥር 6፣ ሐሙስ

ትናንት ሁለት ሦስተኛና አንድ አራተኛ ስደምር አሥር አሥራ ሁለተኛ ብዬ ጽፌ ኖሯል። አሥራ አንድ ነው! ቤት ገብቼ ነው የታየኝ። ዛሬ ገና እንደገባሁ "ትናንት ተሳስቻለሁ፤ ያየ አለ?" አልኩ። ዝም። ለወትሮው እዚህ ላይ ነበር የምቆጣው።

ከኋላ ጋቢ ተንቀሳቀሰ። የኔታ፣ ሳልጠራቸው ተነሡ።

"እኔ አላየሁም። ከነጭራሹ አልገባኝም። ማናዬ፣ አንተ አይተኸዋል፤ ፊትህ ያሳብቅብሃል። ውጣና አስረዳኝ።"

"እኔ... የኔታ?"

"ሀ ሁን ሳስይዝህ አልታከትኩም። አንተም እንዳትታክተኝ።"

ማናዬ ወጣ። አስረዳ። የኔታ አልለቀቁትም፤ ታችኛው ቁጥር ለምን አሥራ ሁለት ሆነ? አሉት። እሱ መልስ ሲፈልግ ከመስኮቱ በኩል "ለሦስትም ለአራትም ስለሚካፈል!" የሚል ድምፅ ወጣ። የሺእመቤት ናት። ተናግራ አፏን በእጇ ያዘች። የኔታ ወደሷ ዞረው "በይ አንቺም ውጪ" አሏት።

ደወሉ ተደውሎም አልወጡም። ደስ አለኝ። ደስ አለኝ። ሁለቴ መጻፌ ነው፤ ይሁን።

የካቲት 18

አሁን ትምህርቱን የሚከፍቱት የኔታ ናቸው። ያልገባቸውን ይጠይቃሉ፣ የገባው ይወጣል። እኔ ዳር ቆሜ ስሳሳት የማረም ሥራ ብቻ... አይ፣ ሲሳሳቱ ማለቴ ነው። የኔታ ባለፈው ፈተና ስድሳ ሦስት አመጡ።

መጋቢት 9

የወሩ ጠመኔ አለቀ። ወሩ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነው!

ግንቦት 4፣ ረቡዕ

ኢንስፔክተሩ መጣ። ኮስታራ፣ ከረባት ያሠረ። ከአቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ጎን ተቀመጠና ራሱ ጠየቀ፦ "የአንድ ገበሬ ማሳ ግማሹ ጤፍ፣ ሩቡ ስንዴ ቢሆን፣ ለገብስ ስንት ቀረው?" ሕፃን የሚመልሰው ነው። ዝም። እንግዳ ፈሩ። የሺእመቤትን አየኋት... አንገቷ ተደፍቷል። ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን አነሣ።

የኔታ ተነሡ። መልሱን እንደሚያውቁት አውቃለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ራሳቸው ሠርተውታል።

"ጌታዬ፣ ግማሽና ሩብ ሲደመር ይምታታብኛል። የሺእመቤት፣ ብታስረጂኝ?"

ትልቅ ሰው፣ በእንግዳ ፊት፣ አላውቅም ብለው ቆሙላት። ወጣች። ድምፅዋ መጀመሪያ አልተሰማም፣ ከዚያ ተሰማ። ማናዬ በሌላ መንገድም ይሠራል ብሎ ተነሣ። ሌላው አይሠራም አለ። ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ማዳመጥ ጀመረ።

ሲወጣ "ባለጋቢው ሰው ከየት የመጡ ናቸው?" አለኝ። ተማሪዬ ናቸው አልኩት። መምህሬም ልለው ነበር... አፈርኩ። አሁን ቆጨኝ።

ሰኔ 10፣ ሐሙስ

ደብዳቤው መጣ። ስምንተኛ ክፍል መስከረም ላይ እዚሁ ይከፈታል። የየሺእመቤት አባት ጠዋት ግቢ ድረስ መጥተው "እንግዲህ ትቀጥል ብያለሁ" አሉኝ።

ደስታው አዙሮኝ ነው መሰለኝ ሰሌዳው ላይ ሰባት ጊዜ ስምንት አምሳ አራት ብዬ ጻፍኩ። ዞር ሳልል፦

"እትዬ፣ ተሳስተዋል!"

የሺእመቤት ናት። ማንንም ሳትጠብቅ፣ የኔታንም ሳታይ። የኔታ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። መሳቢያዬን ከፍቼ ከኅዳር ጀምሮ የተኛውን ቀይ እርሳስ ሰጠኋት። ማናዬ "እኔ ነበርኩ ቀድሜ ያየሁት!" ብሎ ተነሣ፣ ሌሎቹም ተነሡ፣ ጫጫታው ዲሬክተሩን ከቢሮ አወጣቸው።

ነገ ሌላ እርሳስ መግዛት አለብኝ።