መንግሥት የበግ ጆሮ አያነብም

ሃይ ጊል እርሻ፣ ከምብሪያ፣ እንግሊዝ
እሑድ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 2019

ውድ ሳንዳ፣

ይህ የጻፍኩልሽ አራተኛ ደብዳቤ ነው። ሦስቱን ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። ሦስቱም የሚጀምሩት እኔ ትክክል እንደሆንኩ በማስረዳት ነበር፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስም ገና አስረድቼ አልጨረስኩም።

ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደነበረው ነው። ዝናቡ ከሴፕቴምበር ወዲህ አላባራም። የምዕራቡ ካብ ሁለት ቦታ ተንዶ አንዱን መልሼ ክቤዋለሁ። ራዲዮው ውስጥ ያሉት ሰዎች አሁንም እየተጯጯሁ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት የምንወጣበትን ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ገፍተውታል፤ አሁን ጃንዋሪ ሠላሳ አንድ ነው ይላሉ። በመካከሉ ደግሞ ምርጫ አለ። አገሩ በሩ ላይ አንድ እግሩን አውጥቶ እንደቆመ ሰው ሆኗል፤ ቤቱንም መንገዱንም ያቀዘቅዛል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበልና ይለፍልኝ። ድምፄን አልለወጥኩም። ነገም ቢጠይቁኝ እንውጣ ነው የምለው። ምን ያህል በግ እንደማረባ የማላውቀው ሰው ከማላውቀው ከተማ ሆኖ እንዲነግረኝ አልፈልግም። ይህን ያልኩት ከሩማንያ የመጣሽውን አንቺን ለማስወጣት አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስልሽ «ገባኝ፣ አባባ» እያልሽ ዝም ትዪ ነበር። ገብቶሽ ከሆነ ነገሩ አለቀ ብዬ አስብ ነበር። አንድ ነገር ሰውን ገብቶትም ሊያመው እንደሚችል አላሰብኩም።

እንውጣ ወይስ እንቆይ ብለን ድምፅ የሰጠንበትን የ2016ቱን ሰሌዳ ታስታውሻለሽ። በቀይ ቀለም «እንውጣ» ብዬ ጽፌ መንገድ ዳር ካለው በር ላይ ቸነከርኩት። ነፋስ አንዱን ጎን አላቀቀው። በማግስቱ ስወጣ አንቺ መዶሻ ይዘሽ፣ ምስማር በከንፈርሽ ነክሰሽ፣ ታቃኚዋለሽ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኩሽ።

«ጠሟል፣ አባባ። ሰው ሲባረር ቢያንስ ቀጥ ባለ ሰሌዳ ይባረር።»

«አንቺን አይመለከትም አልኩሽ እኮ።»

«አውቃለሁ። የማይመለከተኝን ነገር ነው እያቃናሁ ያለሁት።»

ሳቅሽ፤ እኔም ሳቅኩ። ያን ቀን ሰሌዳውን አንስቼ ምድጃ ውስጥ ልከተው ይገባኝ ነበር። ሐሳቤን ስለ መለወጥ አይደለም የማወራው። ሰው ሐሳቡን ይዞ በሩን ባዶ ሊያደርግ ይችላል። አላደረግኩትም።

እዚህ መኖርሽን የሚመሰክረውን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ። ሦስቱንም ቀን አስታውሳለሁ።

የመጀመሪያው ፌብሩዋሪ ላይ፣ ድርቆሽ ስናወርድ ነው። የመብራቱ ሂሳብ በእኔ ስም፣ እርሻው በእኔ ስም፣ መኪናው ዛሬም በልጄ በኮሊን ስም ነው። አሥራ አንድ ዓመት በኖርሽበት ቤት ስምሽ ያለበት አንድ ወረቀት አልነበረም። ልጄን አግብተሽ መጣሽ፤ ልጄን ከእኔ ጋር ቀበርሽ፤ ከዚያም ስድስት ዓመት ከእኔ ጋር በግ አረባሽ። ለዚህ ሁሉ ደረሰኝ የለውም።

«አባባ፣ አንዲት ገጽ ብቻ» አልሽኝ። «ከ2008 ጀምሮ እዚህ ትኖራለች ብለው ይፈርሙልኝ።»

«ለማን?»

«ለመንግሥት። ከኅብረቱ ስንወጣ እዚህ የመቆያ ፈቃድ ማመልከት አለብኝ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ሰው በገዛ ቤቱ ለመኖር ፈቃድ የሚለምነው? አልፈርምም።»

ሁለተኛ ስትጠይቂኝ የየእርሻው በጎች ምልክትና የባለቤቶቹ ስም የታተመበትን የእረኞቹን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረድኩ። የኛን ገጽ ከፈትኩልሽ። የግራ ጆሮ ጫፉ የተቆረጠ፣ የቀኝ ጆሮ ከሥሩ የተሰነጠቀ፣ ትከሻ ላይ ቀይ መስመር። ከሥሩ ኮሊን በሕይወት ሳለ እኔው ራሴ ያሳተምኩት፦ አይዛክ፣ ኮሊን እና ሩክሳንድራ ሬልፍ።

«ይኸው ሙሉ ስምሽ» አልኩሽ። «ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?»

ገጹን ለረጅም ጊዜ አየሽው። ጣትሽን የኮሊን ስም ላይ አሳረፍሽ። ከዚያ ቀስ ብለሽ «አባባ፣ መንግሥት የበግ ጆሮ አያነብም» አልሽ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ልንገርሽ ሳንዳ፣ እኔ ትምህርት ቤት የተውኩት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። በደንብ ማንበብ የተማርኩት ከዚያ መጽሐፍ ነው፤ የጎረቤቶቼን ስምና የበጎቻቸውን ጆሮ እያስተያየሁ። መደርደሪያዬ ላይ የምታውቂያቸውን የሕግ መጻሕፍት የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለእኔ ስሙ እዚያ ያለ ሰው የዚህ ሸለቆ ሰው ነው፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። ሌላ ወረቀት ብፈርም ያኛው እንደማይበቃ በእጄ መመስከር መሰለኝ። አንቺን ስከለክል ላንቺ ክብር የቆምኩ መስሎኝ ነበር። እንዲህ ዓይነት ጅል ነው አማትሽ።

ሦስተኛው ማርች ሃያ ዘጠኝ ነው። ልንወጣ የነበረበት ቀን። ራዲዮው ፓርላማው ስምምነቱን ለሦስተኛ ጊዜ እንዳልተቀበለው ሲናገር እኔ ጠረጴዛውን እየደበደብኩ ነበር። አንቺ ወረቀቱን ራስሽ ጽፈሽ፣ ለእኔ ፊርማ ብቻ ቦታ ትተሽ፣ ብዕር ጨምረሽ መጣሽ። ጥሩ ቀን አልመረጥሽም፤ ወይም ሌላ ቀን አልቀረልሽም ነበር።

«ካላመኑሽ ታዲያ ወደ አገርሽ ሂጂ!» አልኩሽ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «አገርሽ» ብዬሽ አላውቅም ነበር። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። አንቺም ስትሰሚው አየሁሽ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈሽ ኪስሽ ከተትሽው።

«በጎቹ ይውለዱ» አልሽኝ። «ከዚያ እሄዳለሁ።»

እንዳልሽውም አደረግሽ። ሰባት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቀን ሳትጎድይ፣ አንዲት ክፉ ቃል ሳትናገሪ አዋለድሽ። የመጨረሻዋ በግ ግልገሏ እግሩ ወደ ኋላ ታጥፎ ስትቸገር ክንድሽን እስከ ክርን አስገብተሽ አቃንተሽ አወጣሽው። በሣር አሸሽው። እስኪጠባ ድረስ ቆመሽ ጠበቅሽ። እጅሽን ታጠብሽ። በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ በበሩ ወጣሽ። እኔ ካብ እየካብኩ ነበር። ቀና አላልኩም። ቀና አለማለቴን እንዳየሽ አውቃለሁ።

ወደ እናትሽ ቤት ከሄድሽ በኋላ ስለሆነው ልንገርሽ። ጁላይ ላይ ለሸለታ በጎቹን ከተራራ ላወርድ ወጣሁ። ውሻዋን ኔልን «ሂጂ» ብላት ቁጭ ብላ ታየኛለች። «ወደ ግራ!» ብላት ታየኛለች። ያሰለጠንሻት አንቺ መሆንሽን፣ በምን ቋንቋ እንዳሰለጠንሻትም ረስቼዋለሁ። ዝናብ ውስጥ ቆሜ ስትጠሪያት የሰማሁትን አንድ በአንድ ማስታወስ ጀመርኩ። «ሃይዴ!» አልኩ። እንደ ጥይት ተፈተለከች። «ስታይ!» አልኩ። ቆመች። ግራና ቀኙን ግን አምታታሁት፤ ሠላሳ በግ ወደ ሐይቁ ነዳን። አሁን ሰባት ቃል አውቃለሁ። ጥሩ አድርጌ እንደማልላቸው ከኔል ፊት ይገባኛል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ የጠፉ በጎች ወደየባለቤቱ የሚመለሱበት የእረኞች ስብሰባ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው መጠጥ ቤቱ ግቢ ውስጥ። ዴረክ ማውንዚ ከተራራው ማዶ ከኛ በጎች አንዷን ይዞ መጣ። እሱ እንቆይ ብሎ እንደመረጠና ያ ሰሌዳ ከተሰቀለ ጀምሮ እንዳላናገረኝ ታውቂያለሽ። በጓን ግን አንድ ወር ሲቀልባት ከርሟል። ደንብ ነውና።

«አይዛክ» አለኝ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። «ከአውሮፓ እንውጣ ብለህ ስታበቃ ተራራ ላይ በሩማንያኛ ትጮሃለህ አሉ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

«ውሻዋ ናት» አልኩ።

«ውሻዋማ ታማኝ ናት።»

«በጓን ልቀቅ፣ ዴረክ። ምልክቷን ታያለህ።»

«ምልክቷንስ አየሁ። ደንቡ ግን ባለቤቱ ተነስቶ በሰው ፊት የኔ ናት ይበል ነው። በግ ስለራሷ አትናገርም።»

ተነሳሁ። «የኔ ናት» አልኩ።

ለቀቃት። ከዚያ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ጠጋ ብሎ «ለበግ ትነሳለህ» አለኝ። «ለኮሊን ሚስት ግን አልተነሳህም።»

ከዚህ ላነሰ ነገር ሰው የመታሁበት ጊዜ ነበር። ተቀመጥኩ። ቢራዬ ፊቴ ቆሞ ሞቀ። ይህን ደንብ ከሃምሳ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ። መጽሐፉ ላይ ያለ ምልክት ብቻውን አንዲትም በግ ቤቷ መልሶ አያውቅም። ሁልጊዜ አንድ ሰው መነሳት ነበረበት። እኔ መጽሐፉን አሳየሁሽና ተቀመጥኩ።

በግ ነሽ ማለቴ አይደለም። ይህን ስታነቢ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ፤ ሳቂ።

እንደገና ተነሳሁ። ድምፄ እንደ ጎረምሳ ድምፅ ሁለት ቦታ ተሰበረ። «የኮሊን ሚስት ሳንዳ አሥራ አንድ ዓመት ቤቴ ኖራለች» አልኩ። «ይህን ጽፌ እንድፈርም ለመነችኝ፤ እምቢ አልኳት። ወደ አገርሽ ሂጂ አልኳት። ልጄ ናት፤ ቤቷ እዚህ ነው። የበደልኳት እኔ ነኝ።»

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ጂል ስለ ምርጫው የሚያወራውን ራዲዮ ዘጋችው።

«ታዲያ ወረቀቱ የታለ?» አለ ዴረክ። «ንግግርህንማ ሰማን።»

ወረቀት አልነበረንም። የጠፉ በጎች ከሚመዘገቡበት ደብተር አንድ ገጽ ቀደድን። እኔ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ከዚያ ሰዉ ተሰለፈ። እንውጣ ያሉትም፣ እንቆይ ያሉትም፣ ለገና እንኳ ሰላምታ የማይለዋወጡትም አንዱን ብዕር ተቀባብለው ፈረሙ። ሃያ ሦስት ናቸው። ዴረክ ፊርማ አይበቃኝም ብሎ በዚያ በከባድ በረዶ ዓመት ከበረዶው ሥር የተቀበሩ አሥራ አራት በጎቹን በእጅሽ ቆፍረሽ እንዳወጣሽለት ጻፈ። ይህን ነግረሽኝ አታውቂም። እዚያ ማዶ ምን ስትሠሪ ዋልሽ ብዬ የተቆጣሁሽ ቀን መሆን አለበት።

ማክሰኞ ወረቀቱን ይዤ፣ ማመልከቻ ለሚሞላ ሰው እርዳታ ወደሚሰጥበት ኬስዊክ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አየችና ፈገግ አለች።

«ማመልከቻው በስልክ ነው የሚሞላው፣ አባቴ።»

«የቤት ስልክ እንጂ የእጅ ስልክ የለኝም።»

«እሷ አላት አይደል?»

«አላት። ለእኔ አታነሳውም እንጂ።»

በንጹሕ ወረቀት በማሽን ጻፈችልኝ፤ የደብተሩንም ገጽ ከነፊርማዎቹ አያያዘችው። የምንወጣበት ቀን ሳይደርስ እዚህ ብትገኚ እንደሚሻል ነገረችኝ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ዛሬ ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም አለችኝ። ስለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ ለገና የማላቆየው።

ወረቀቱ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ያንቺ ነው። ለመምጣት ልትጠቀሚበት ትችያለሽ፤ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሰው ዘንድ ለመኖርም ልትጠቀሚበት ትችያለሽ፤ ወይም የእናትሽን ምድጃ አቀጣጥዪበት። ስፈርምልሽ በምላሹ ምንም አልጠየቅኩሽም። በፌብሩዋሪ እንዲህ ልፈርምልሽ ይገባኝ ነበር።

የምጠይቅሽ ነገር ግን አለ፤ ከወረቀቱ ለይተሽ ስሚው። ነይ። ሥራ ስለበዛብኝ አይደለም፤ በዝቶብኛል፣ እሱን እችለዋለሁ። ወጥ ቤት ውስጥ የሚሞግተኝ ሰው ስለጠፋም ብቻ አይደለም። ኮሊን ከሞተ በኋላ ልጅ የለኝም ብዬ ለሰው ስናገር አንቺ አጠገቤ ቆመሽ እንደነበር ትዝ ይለኛል። አንዴም አላረምሽኝም። አሁን ራሴን አርሜያለሁ፤ ሃያ ሦስት ሰው ሰምቷል፣ አንቺ ነሽ የቀረሽው።

የምትመጪበትን ቀን ብቻ ጻፊልኝ። ፔንሪዝ ባቡር ጣቢያ ከሰዓቱ ቀድሜ እገኛለሁ። ኮፍያዬን የማወልቀው ለቀብር ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ግን ባቡሩ ሲገባ አውልቄ፣ ራሴን ቀና አድርጌ እቆማለሁ።

አባትሽ፣
አይዛክ