የመጨረሻው ፉርጎ

ገበየው፣

ከሱቅ ስትመለስ አታገኘኝም፤ እናቴ አሟት ገሱባ እየሄድኩ ነው። ዛሬ ውሃ ይመጣል፣ ጀሪካኖቹን ሙላ። የዳጣው ብልቃጥ ክዳን አይገጥምም፣ ቀስ ብለህ አንሳው።

ፎቶ ቤት ስለምሠራ፣ ቴሌግራም ላይ ለጨረታ የወጣ ያገለገለ ሞዴል ባቡር ባየህ ቁጥር «አንጁሎ፣ ይኼስ እውነት ነው?» ስትለኝ ከርመሃል። ደክሞኝም አይቼልሃለሁ። የአንዱ ፎቶ ከሌላ ሰው የተወሰደ ነው፤ ሌላው «አዲስ ነው» ይላል፣ ጎማው ላይ ግን የምንጣፍ ክር ተጠምጥሟል።

ትናንት ማታ ግን «ተወኝ ባክህ፣ ልተኛ» አልኩህ። ለእሱ ይቅርታ። ጠዋት የላክህልኝን ጨረታ ከፍቼ አየሁት።

ሻጩ ስሙን አልጻፈም። ፎቶው ላይ ያለውን የጠረጴዛ ልብስ ግን አውቀዋለሁ፤ በካውያ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ባቡሩም አባትህ ከድሬዳዋ ያመጣልህ ቀዩ ነው። ከሥሩ «የሚሸጥበት ምክንያት፦ ቤት ስለምለቅ» ይላል።

ቤት ስለምትለቅ።

ይህን ያህል ጊዜ አብረን ኖረን ከጨረታ ላይ ላንብበው? ትናንት ልትነግረኝ ፈልገህ እንደነበር አሁን ገብቶኛል። ቢሆንም አፍ አለህ እኮ።

ፍቅረኛህን ሜላትን እንኳን ደስ ያላት በልልኝ። እሷ ከሆነች ምክንያቱ።

ፍርዴን ከፈለግህ፣ ፎቶውም እውነት ነው፣ ባቡሩም እውነት ነው። «ሙሉ ነው፣ የጎደለው የለም» ያልከው ግን ውሸት ነው። የመጨረሻው ፉርጎ እኔ ሻንጣ ውስጥ ነው።

እሁድ እመለሳለሁ። እዚሁ ቤት ከጠበቅኸኝ ታገኘዋለህ።

አንጁሎ