ለወፍ በሽታ መርፌ አይሆንም

ሐረር፣ የካቲት 1998 ዓ.ም.

ግራዋ ላለችው ታላቅ እህቴ ይድረስ፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? ድንቹ እንዴት ነው፣ ዘንድሮ ውርጭ አልመታውም? ከብቶቹስ? እንግዲህ ይህን ሁሉ የጠየቅሁሽ ወግ ስለሆነ ነው። እኔ ደግሞ ደህና ነኝ እንድልሽ አትጠብቂ። አልሐምዱሊላህ ማለት ግዴታ ነውና አልሐምዱሊላህ ብያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቀዋል፣ አንቺም አታጪውም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ነስሮን ላኪልኝ። ለአረፋ ሊጠይቅሽ የመጣውን ወንድማችንን ዓይኑ ቢጫ ሆነ ብለሽ እዚያው አስቀርተሽ ይኸው ወር አለፈው። ትናንት የአይሱዙው ሹፌር ሙሳ ድንቹን ሸዋ በር ሲያራግፍ አገኘሁትና ያዝኩት። ሙሳን ታውቂዋለሽ፣ ነገር መሸፈን አይችልበትም። ዓይኑ እርድ መስሏል፣ እግሩም አብጧል አለኝ። የመንደራችሁ መድኃኒተኛ አዴ ሐዋ ሆዱን በጋለ ብረት ተኩሳዋለች፣ ቅጠል እየጨመቀች በባዶ ሆዱ ታጠጣዋለች አለኝ። ይበላል ወይ ስለው፣ አጥሚት ሲሰጡት ትንሽ ትንሽ ይቀምሳል አለ። ታዲያ ለምን ሐረር ወርዶ ሐኪም አያየውም ስለው፣ እህትሽ ለወፍ በሽታ መርፌ አይሆንም ብላለች፣ ደግሞ እውነቷን ነው ብሎ እኔኑ አልመከረኝም መሰለሽ! እዚያው የሽንኩርት ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው ያየኛል አላልኩም፣ አለቀስኩ።

እህቴ፣ ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያስፈራሽ ሪድዋን ነው። ታላቅ ወንድማችን ሆዱ ተነፍቶ ሐኪም ቤት የገባ ዕለት እጁን ይዘሽ የነበርሽው አንቺ ነሽ። መርፌውን ወጉት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለፈ። ኮሪደሩ ላይ መርፌው ገደለው፣ መርፌው ገደለው እያልሽ የጮህሽው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ያን ቀን ማን ያላመነሽ ነበር! እኔም አምኜሻለሁ። ነርሷን በክፉ ዓይን እያየሁ ነው ከዚያ ግቢ የወጣሁት።

ግን ከዚያ በኋላ የገባሁበትን ሥራ ታውቂያለሽ። ሰው የሞተበት ቤት፣ አርባው ካለፈ በኋላ እየገባሁ፣ ሟቹ እንዴት እንደታመመና እንዴት እንደሞተ እጠይቃለሁ፤ የጻፍኩትን ሐኪሞች አንብበው የሞቱን ሰበብ ይለያሉ። ሰው አይወደኝም። ጊደር መጋላ ስገባ በርበሬ ሻጮቹ መለከል መውት መጣች፣ ነፍስ ወሳጇ መጣች፣ ልጆቻችሁን ደብቁ ይላሉ። እነሱ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። በሰርግም በለቅሶም የማይለዩን የሴቶች ዕድራችን፣ የአፎቻችን ሰብሳቢ ወይዘሮ ሩቂያ እንኳን፣ ለቅሶ ቤት ስገባ ቦርሳዬን በዓይናቸው ይፈትሹና፣ ዛሬ እስክሪብቶሽን እቤት ተይልን ይሉኛል።

በየቤቱ የማገኘው መልስ ደግሞ አንድ ነው፤ አጀሉ፣ ቀኑ ደርሶ። አጀሉማ ሳይደርስ ማን ይሞታል! አጀል የአላህ ነው፣ እኔ የምጠይቃችሁ ሰበቡን ነው ስላቸው የበሽታውን ስም ይለውጡብኛል። ሳምባ ነቀርሳውን ብርድ ነው ይሉታል። ስኳሩን ድካም ይሉታል። የዚያን የሌላውን በሽታማ ስሙንም አይጠሩት፣ ወደ ጎረቤት ግድግዳ እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ኤረር በር አጠገብ ያሉ አንዲት እናት ልጃቸው በምን እንደሞተች ስጠይቃቸው የሰው ዓይን በላት አሉኝ። ቀስ እያልኩ ስጠይቅ ለካ ምጥ ይዟት ቀን ሙሉ፣ ሌሊቱንም፣ በማግስቱም እዚያው መደብ ላይ ነበረች። ለምን አልወሰዳችኋትም ማለት አቃተኝ። ሻያቸውን ጠጥቼ ወጣሁ።

የድሮውን ስጠይቅ ሟቾቹ ሕፃናት ናቸው። ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ ትክትክ። የኛንም ቤት አስቢው፣ እናታችን ስንቱን ወልዳ ስንቱን ቀብራ እኛ ብቻ ተረፍናት። አሁን ክትባቱ መጣ፣ ውሃውም ቢጠፋም ቢመጣም ከበፊቱ ተሻለ፣ ሕፃኑ መትረፍ ጀመረ፤ ከምገባበት ቤት ይታየኛል። ታዲያ ደስ ይበለን? አሁን የምጽፈው ያደጉትን ነው። ሚስት ያገባው፣ ቤት ያቀናው፣ እናቱን ሊጦር የደረሰው በጉበት፣ በስኳር፣ በደም ብዛት ይሄዳል። እናታችን ገና ስም ያልወጣላቸውን ቀበረች፣ እኛ ደግሞ ጢም ያበቀሉትን እንቀብራለን። ወላሂ አንዳንድ ጠዋት ይህን ሥራ ይዤ ከቤት መውጣት ያስጠላኛል።

አሁን የምነግርሽን ደጋግመሽ አንብቢው። የወፍ በሽታ በተባለበት ቤት ሁሉ መርፌ ወግተው ገደሉት ይሉኛል። ሁሉም! መጀመሪያ እኔም አንቺን እያስታወስኩ ልክ ናቸው እል ነበር። ኋላ ግን መቼ ወሰዳችሁት ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቅጠል አጠጣነው ይላሉ። ከዚያስ? ተኮስነው። ከዚያስ? ሌላ አዋቂ አለ ተብሎ ወደዚያ ወሰድነው። ከዚያስ? ከዚያማ ሆዱ ተነፋ፣ ደም አስታወከ፣ ሰው መለየት አቃተው፣ ያኔ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ያኔ ነው እንግዲህ መርፌው የሚመጣው! ሰውየው የሚሞትበት ሰዓት ደርሷል፣ መርፌው በዚያ ሰዓት ተገኘና ጥፋተኛው እሱ ሆነ። ቀብር ላይ የተገኘ ሁሉ ገዳይ ነው እንዴ? በሞተ ማግስት ጎረቤቱ ሁሉ ለወፍ በሽታ መርፌ አይሆንም ይላል፣ ያን የሰማ ደግሞ የራሱን ሰው እስከ መጨረሻው ቤት ያስቀምጣል። እንዲህ እያልን እየተቀባበልን ነው የምናልቀው። ሪድዋንስ? ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በኋላ ስንት በር ዞረን ነው የወሰድነው? እስቲ አንቺው መልሺልኝ።

ዶክተር ወልደ ጊዮርጊስን ሄጄ ጠየቅኋቸው። እኛ የምናመጣውን ወረቀት የሚያነቡት ሽማግሌ ሐኪም ናቸው። አያባብሉም፣ አይቆጡም። በዚህ አገር የወጣቱን ጉበት ምን እንደሚበላው እኛም ገና አልለየንም አሉኝ። ቫይረስም አለ፣ ጫቱ ነው የሚልም አለ፣ ጫቱ ላይ የሚረጨው ነው የሚልም አለ፣ የሻገተ እህል ነው የሚልም አለ፣ እኔ አላውቅም አሉ። ሐኪም አላውቅም ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ ደነገጥኩ። ወንድሜ ይድናል ወይ ስላቸው ቃል አልገባልሽም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ምግብ የሚቀምስ ከሆነ ግን ነገ ሳትይ ዛሬ አምጪው አሉኝ። እህቴ፣ ተስፋ ብዬ የያዝኩት ይህችን ብቻ ነው። ትንሽ መሆኗ ይገባኛል።

በወላሂ ምያለሁ ብለሻል አሉ፤ እኔ ቁሜ እያለሁ ነስሮ ሐኪም ቤት አይገባም ብለሽ። መሐላው አያስጨንቅሽ። አስር ሚስኪን አበላልሻለሁ፣ የመሐላው ማካካሻ፣ ከፋራው በእኔ ይሁን። አዴ ሐዋም ትቀየመኛለች ብለሽ አትፍሪ፣ ሲሻለው መጥተን እጇን እንስማለን። ዱዓውንም አትተዪ። ዱዓ የሚደረግለት ሰው መርፌ አይወጋም ያለ ሼህ አለ እንዴ?

አንቺ ለምን አልመጣሽም እንዳትዪኝ። እናታችንን ለማን ትቼ? ደም ብዛቱ ጎኗን ከያዛት ወዲህ ውሃ እንኳን ያለ ሰው አትጠጣም። የነስሮን ነገር አላወቀችም። ቀኑን ሙሉ የት ሄደ ትለኛለች፤ መኪና ግርግር፣ ልብስ ሰፊዎቹ ሰፈር ሥራው ላይ ነው፣ የሰርግ ልብስ ስፌት በዝቶበት እዚያው ያድራል እላታለሁ። ትናንት ማታ ምን አለችኝ መሰለሽ፤ በማይረባ መብራት እየሰፋ ዓይኑን እንዳያበላሽ ንገሪው አለችኝ። እሺ፣ እነግረዋለሁ አልኳት። ወደ ግድግዳው ዞሬ አጎዛዋን የማስተካክል መሰልኩ።

ሪድዋንን ስንቀብር እሷን የደገፍናት እኔና አንቺ ነን። አሁንም እንደገና ልደግፋት አልችልም። እንቢ ካልሽና ነስሮ አንድ ነገር ከሆነ፣ እህቴ፣ ደጅሽን አልረግጥም፣ አንቺም ደጄን አትረግጪም። ይኸው ጻፍኩት። አውፍ በይኝ፣ ግን አልሰርዘውም።

ሙሳ ትናንት ከሰዓት ወደ እናንተ ወጥቷል። ዛሬም እንደ ልማዱ በማለዳ ጭኖ ይወርድና ረፋድ ላይ ይመለሳል፤ ደብዳቤውን ሸዋ በር ወርጄ ልሰጠው ተነጋግረናል። ጋቢናውን ለነስሮ ባዶ አድርግልኝ ብየዋለሁ፣ እሺ ብሏል። እኔ ሱብሂ ሰግጄ ነው ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት። እናታችን ነቅታለች፤ ለማን ነው የምትጽፊው አለችኝ፣ ለአንቺ ነው አልኳት። ልጆችሽን አላህ ያሳድግልሽ፣ ያደጉትንም ያቆይልሽ ብላሻለች። እንዳለችው ነው የጻፍኩት።

በር ተንኳኳ። ቆይ።

በመስኮት አየሁ። ወይዘሮ ሩቂያ ናቸው። ከኋላቸው የአፎቻችን ሴቶች ሁሉ አሉ፣ መንገዷን ሞልተዋታል፣ አንዳቸውም አያወሩም። የኛ ሴቶች ተሰብስበው ዝም ሲሉ አይቼ የማውቀው መርዶ ልናረዳ ስንሄድ ብቻ ነው። ስንት ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ፣ እንዲህ በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ። ዛሬም ወደ አንድ ቤት ሊሄዱ ይሆናል፣ እግረ መንገዳቸውን ሊጠሩኝ ነው። ግን ማታ አልነገሩኝም። ሁልጊዜ ማታ ነበር የሚነግሩኝ።

ሙሳም መሀላቸው ቆሟል። ሙሳ ከመኪናው ተለይቶ አያውቅም፤ ጉዳይ ያለው ሰው ነው ሸዋ በር ድረስ የሚሄድለት። እዚህ ድረስ በእግሩ ምን አመጣው? ደብዳቤውን ሊወስድ ነው። አዎ፣ ዘግይቼበት ሊወስድ ነው። ጠራሁት፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

እናታችን ከውስጥ ማነው በዚህ ማለዳ ትላለች። ነስሮ ነው ወይ፣ ክፈቺለት እንጂ ትላለች።

አልከፍትም። መጀመሪያ ይህን ልጨርስ። እህቴ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ ምን እያልኩ ነው፣ ይህስ ለሐዘንተኛ ነው የሚባለው፣ አላህ ጤናውን ይስጥሽ፣ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ደጅሽን አልረግጥም ያልኩትን አልሰርዘውም ብዬ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ ብለሽ አንብቢው። ብቻ ነስሮን ዛሬውኑ ላኪው። ሙሳን አደራ በይልኝ፣ ኮረኮንቹ ላይ ቀስ ብሎ ይንዳ። ወንድማችንን በደንብ አልብሺው፣ ቁልቁለቱ ላይ ብርድ አለ። መርፌው የሚገድለው ከሆነም እዚህ እኔ እጅ ላይ ይግደለው፣ ግን ላኪው።

ወሰላሙ ዐለይኪ።

ታናሽ እህትሽ