ለኮልቢ እንዳትሸጡ

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ከቅዝቃዜው ጋር እንዴት አድርጎሻል? ዶሮዎቹን ቀበሮው ተወልሽ? እኛ ደህና ነን፣ ደህና ከተባለ። በስልክ እንደማትሰሚኝ ስለማውቅ ነው የምጽፍልሽ። ቅዳሜ በኮልቢ የላክሽው የፖም ማርማላታ ደርሶናል። የሰፋሽለት ብርድ ልብስም እንደዚሁ። ላግዝህ ብለው "ተው አባዬ፣ እኔ እይዘዋለሁ" ብሎ እንደተጠቀለለ አቅፎት ፎቅ ወጣ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

የደከመኝን ልንገርሽ። ልጄ ራሱን እንዳይጎዳ ብሎ ዳኛው ሆስፒታል ካስገባው በኋላ ጠመንጃ መግዛት ተከልክሏል። ባለፈው ወር ሱቅ ሄዶ ሞከረ። ስሙን መዝገብ ላይ አጣሩና አይሆንም አሉት። መጥቶ ነገረኝ፣ ሳይናደድ። "ምን ችግር አለው አባዬ፣ የሚያጣራው ሱቅ ነው እንጂ ጎረቤት አይደለም" አለኝ። እውነቱን ነው። እዚህ ሰው ከሰው ሲገዛ ማን ይጠይቃል? እኔስ ራሴ ከመኪናዬ ኋላ ስንቱን ሸጫለሁ፣ የገዢውን ስም እንኳ ሳልጠይቅ።

የኔን ሦስት ጠመንጃዎች መሥሪያ ቤት ካዝና ውስጥ ቆለፍኳቸው። ከዚያ በወረዳችን ጠመንጃ የሚሸጠውን ሰው ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ሆኑ። የኮልቢን ፎቶ ይዤ በየበሩ ዞርኩ።

ሦስተኛው ኦርቪል ነው፣ የቅዳሜ ገበያው ሽማግሌ። "እኔ ፖሊስ ነኝ እንዴ? የዚህ ስቴት ነዋሪ መሆኑን በመታወቂያ ያሳየኝ፣ እሸጥለታለሁ" አለኝ። ፎቶውን ሰጠሁት። አይቶት "ልጅህ ነው?" አለና ከጥይቱ ካርቶን ስር ሸጎጠው። ሰባተኛዋ የማደያዋ ዊልዳ "ፎቶ የምታድለው ለከንቲባ ልትወዳደር ነው?" ብላ ቀለደችብኝ። ስነግራት አፏን ያዘች። ዘጠነኛው በሩን ፊቴ ላይ ዘጋው። ሁለት ቀን ተመላለስኩበት። በሦስተኛው "እሺ፣ አልሸጥለትም፣ ብቻ ውሻዬን አታስጩኽብኝ" አለኝ።

አሥራ አንዱንም ሰረዝኩ። አሁን እፎይ እላለሁ ስል ዛሬ ምሳ ላይ የአባታችን ጠመንጃ ትዝ አለኝ፣ ያ ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ያለው። የሚሸጠውን ሁሉ ስቆጥር የሚሰጠውን ረሳሁት። አባባ "ለመጀመሪያው የልጅ ልጄ" ብሎ እንደሞተ ኮልቢም ያውቃል። እባክሽ ቆልፊበት። ቢጠይቅሽ "አባትህ ወሰደው" በይው። አታምርሪበት ብቻ፣ ይወድሻል።

ይህን እየጻፍኩ ብርድ ልብሱ ከነከነኝ። ጣቶችሽ መርፌ መያዝ ካቆሙ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ምናልባት የድሮው ይሆናል። ግን ያን ያህል ይከብዳል እንዴ? ሲያቅፈው በሁለት እጁ ነበር፣ እንደ ሕፃን።

ዝርዝሩን መልሼ ዘረጋሁና አሥራ ሁለት ብዬ ስምሽን ጻፍኩበት። ላይ ቤት ሬዲዮውን ሲነካካ ይሰማኛል። መልስሽን አልጠብቅም፣ ወደ እሱ ልወጣ ነው።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ለኔም ለዚህች ደረጃ የሚሆን ይስጠኝ።

ወንድምሽ