ሜዳሊያውን ማን ያጥልቅላት?

ውድ እትዬ ሬሜ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን አለሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም የሰው ቤት ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል? ሆንግ ኮንግ ብርዱ ለቀቀ? አሠሪሽ ግልፍተኝነቷን ቀነስ አደረገች? አሮጊቷ እናቷስ ካንቺ እጅ ካልሆነ ሾርባ አልቀምስም እንዳሉ ናቸው? እሑድ እሑድ ከአገር ልጆች ጋር መናፈሻው ውስጥ ስትቀመጡ ምን ታወራላችሁ? ሁሉንም ጻፊልኝ፤ የበላሽውን ሳይቀር። እኔ መቼም ጠይቄ እንደማልጠግብ ታውቂያለሽ። እማማ «ይቺ ልጅ ስትወለድ ከለቅሶዋ በፊት ጥያቄዋ ነው የተሰማው» እያለች ዛሬም ትስቅብኛለች።

እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባባን በዝናቡ ወራት ጉልበቱ አስቸግሮት ነበር፤ አሁን ዓሣ ገበያ ድረስ በእግሩ ይሄዳል፤ ሄዶም ዋጋ ሲከራከር ውሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ልጅሽ ቶቶይ ቁመቱ የበሩን መቀርቀሪያ አልፏል። የላክሽለት ጫማ ጠቦታል፣ ነገር ግን ለአክስቱ ልጅ እንዳይሰጥበት ፈርቶ ጣቶቹን አጥፎ ያደርገዋል። ፎቶግራፍሽን ከአልጋው ራስጌ ሰቅሎታል። ናፍቆትሽን በወረቀት ልጻፍ ብል ወረቀቱ አይበቃኝምና ልተወው።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት አንድ ነገር አላስቀምጠኝ ስላለ ነው። ልብስ ስፌት የማስተምርበትን የከተማችንን ማኅበረሰብ ኮሌጅ ታውቂያለሽ። አዲሷ ዲናችን ወይዘሮ ሳልቫሲዮን በመጡ በወሩ ሁላችንንም ሰብስበው «ተማሪ በየዓመቱ ሜዳሊያ ይጠለቅለታል፤ ሠራተኛው ግን ጡረታ እስኪወጣ ደህና ሠራህ የሚለው የለም፤ ይኼ ነውር ነው» አሉ። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ምስጉን ሠራተኛ ይመረጥ፣ መራጮቹም እኛው እንሁን ተባለ። ሜዳሊያውም ልክ እንደ ልጆቹ በዘመድ እጅ ይጠለቅ ተባለ። አባባ እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መድረክ ላይ ወጥቶ ሪባኑን ከሸሚዜ ጋር ቆዳዬንም ወግቶ እንደሰካልኝ ማለት ነው።

ምርጫው የተደረገው ቅርጫት ኳስ ሜዳው ጣራ ሥር ነው። የሁላችንም ስም ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ተጻፈ። እያንዳንዳችን ብጣሽ ወረቀት ላይ አንድ ስም ጽፈን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትን። ጥበቃው ጋሼ አምቦ ወረቀቱን እያወጣ ጮክ ብሎ ሊያነብ፣ የቤተ መጻሕፍቷ ሊጋያ ደግሞ በስሙ ትይዩ ጭረት ልታሰምር ሆነ፤ የከተማው ሹም ሲመረጥ እንደሚደረገው። እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የኛን ሰው ታውቂዋለሽ። ከመራብ በላይ የሚፈራው ሰው ፊት ማፈርን ነው፤ የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም እፍረት ይፈራል። ስሙ ተጽፎ አንድ ጭረት እንኳ ሳያገኝ የሚቀር ሰው እንዳይኖር ሁሉም በየልቡ ተጨነቀ።

ማን ባዶውን እንደሚቀር ደግሞ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሌላው ቢያጣ ቢያጣ ስሙን የሚጽፍለት አንድ ወዳጅ አያጣም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ሰማያዊ ቤት ውስጥ ለብቻዋ የምትኖረውን ወይዘሪት ኡርባናን ታስታውሻታለሽ? የኮሌጁ ንብረት ክፍል ኃላፊ እሷ ናት። ጠመኔ ብትፈልጊ ያለቀውን ቁራጭ አምጪ ትላለች። መጥረጊያ ብትፈልጊ የአሮጌውን እጀታ። መርፌ ሲሰበርብኝ «ስባሪውስ?» ስለምትለኝ ከተማሪዎቼ ጋር በጉልበታችን ተንበርክከን ወለሉን ስንዳብስ ያረፈድንበት ቀን አለ። በገና ግብዣ ላይ አጠገቧ ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነው። ክፉ አይደለችም፤ ግን ሰው መስኮቷ ጋ ሲደርስ ቀበቶውን ያጠብቃል።

ለምስጉንነቱ የሚገባው ሰውም የታወቀ ነበር፤ የብየዳ መምህሩ ሩፊኖ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለደካማ ተማሪዎች ያለ ክፍያ ያስተምራል፤ አውሎ ነፋሱ የክፍሎቹን ጣራ በገነጠለው ጊዜም ከተማሪዎቹ ጋር ወጥቶ መልሶ የመታው እሱ ነው። እኔም ስሙን ጽፌ አጣጥፌ ከተትኩና ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ተቀመጥኩ።

ጋሼ አምቦ ማንበብ ጀመረ። «ኡርባና» አለ። ሰዉ እፎይ አለ፤ እንኳን አንድ አገኘች ተባለ። ቀጥሎ «ኡርባና።» ቀጥሎም «ኡርባና።» ሊጋያ ጠመኔዋን ይዛ ዞር ብላ አየችው። «ምን ታዪኛለሽ፣ የተጻፈውን ነው የማነበው! ቆርቆሮውንም ደህና አድርጌ ነቅንቄዋለሁ» አላት። ጭረቱ ከኡርባና ስም ተነስቶ እስከ ሰሌዳው ጠርዝ ሄደ። ሩፊኖ ሁለት ብቻ አገኘ። መጨረሻ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ አጨበጨበ። ወይዘሪት ኡርባና ከወንበሯ ሳትነሳ ሰሌዳውን ብቻ ታይ ነበር። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ማንበብ አቃተኝ፤ እኔ ደግሞ ያላነበብኩት ነገር እንደሚያሳክከኝ ታውቂያለሽ።

በነጋታው ሰው ሁሉ ዘንድ እየዞርኩ መጠየቅ ያዝኩ። ሊጋያ «ባዶዋን ስትቀር ፊቷን ማየት አልችል አልኩ፤ አንድ ድምፅ እንኳ ታግኝ ብዬ ነው። ሌላው ለሩፊኖ መስጠቱ መች ይቀራል!» አለችኝ። ጋሼ አምቦም «ምን ላድርግ እታለም፣ አሳዘነችኝ፤ ሩፊኖ እንደሆነ ድምፅ አያጣም አልኩ» አለ። ሩፊኖ ራሱ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «ለራሴ ልስጥ እንዴ? አሮጊቷ ታሳዝናለች» ብሎኝ ሳቀ። የጠየቅሁት ሁሉ መልሱ አንድ ነው። ለካ እያንዳንዱ «ሩኅሩኁ እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ኖሯል! በሳቅ ልሞት ደረስኩ፤ ግን ሳቄ ብዙ አልቆየም። ከሩፊኖ ሁለት ድምፅ አንዱ የእኔ ነው፤ ሁለተኛው የማን ይሆን የሚለውም አላስተኛ አለኝ።

ሳቄ ያልቆየው በወይዘሪት ኡርባና ምክንያት ነው። ምስጉን የተባለ ሰው ባልደረቦቹን ማብላት አለበት መባሉን ሰምታ ሙሉ አሳማ አስጠብሳለሁ አለች። ፀጉሯን ተሠራች። ጋሼ አምቦ አዲስ መጥረጊያ ሲጠይቃት የአሮጌውን እጀታ ሳትጠይቅ ሰጠችው፤ እሱም መጥረጊያውን ተሸክሞ ወደ እኔ መጥቶ «ሳትጠይቀኝ ሰጠችኝ እኮ! ጨነቀኝ፣ ታሲንግ፤ አሳማውን በምን ጉሮሮዬ ነው የምውጠው?» አለኝ። ሊጋያ ደግሞ «ዝም አይነቅዝም፤ አንቺም መጠየቅሽን ተይ፤ በሰማች ጊዜ ትሞታለች» ብላ ተቆጣችኝ። ወይዘሮ ሳልቫሲዮን ሜዳሊያውን የሚያጠልቅላት ዘመድ ማን እንደሆነ ሲጠይቋት «አስብበታለሁ» አለች። ምን ታስባለች? እናትና አባቷ ሞተዋል፤ ወንድሟ ከወጣትነቱ ወደ ሚንዳናዎ ደሴት ከተሻገረ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ለብቻዋ እንዳትቆም፣ ደግሞም እውነቱ ጆሮዋ እንዳይገባ ሁላችንም ፈራን።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ክር ልወስድ ሄድኩ። ክሩን ይዛ አልሰጥ አለችኝ። «አንቺ ሴትዮ» አለች፣ «ሰው ቤት እየዞርሽ ለምን እንደመረጡኝ ስትጠይቂ ሰንብተሻል አሉ። ምን አሉሽ?» «ኧረ እንዲያው ጨዋታ ነው፣ ወይዘሪት ኡርባና» አልኩ። «አንቺስ መረጥሽኝ?» አለች ዓይኔን እያየች። እትዬ፣ ውሸት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምን አለፋሽ፣ አዎ ማለት ቀላል ነበር። ግን ዓይኗ ያስፈራል። «አልመረጥኩዎትም፤ ለሩፊኖ ነው የሰጠሁት» አልኩ። «ደግ አደረግሽ» አለች፣ «እኔም ለእሱ ነው የሰጠሁት። ጣራ ላይ ወጥቶ ሲመታ ሚስማሩን የቆጠርኩለት እኔ ነኝ፤ አንድም አላባከነም። ታዲያ ሌሎቹ ምን ነካቸው?»

ዓይኔን ሰብሬ እጇ ላይ ያለውን ክር ማየት ያዝኩ። ቀስ ብላ ክሩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። «አዘኑልኝ ማለት ነው» አለች። ከዚያ መስኮቱን ዘጋችው፤ በሥራ ሰዓት ዘግታው አታውቅም። ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ጠያቂነቴን የረገምኩት ያን ቀን ነው። ለባሌ ለበርት ብነግረው «ምን አገባሽ ነበር!» አለኝ።

በዓሉ ደረሰ። ሜዳው በሰው ሞላ፤ የተማሪ ወላጆች ሳይቀሩ መጥተዋል። አሳማው ተጠብሶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፣ እሷ ግን የለችም። ሊጋያ በክርኗ ጎሰመችኝ፤ «ምን ብለሻት ነው?» አለች። ስሟ ሊጠራ ሲል ከበሩ በኩል ብቅ አለች። እጅጌው እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ከትከሻው የተነሳ፣ የጥንት የክት ቀሚስ ለብሳለች። ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ መድረክ ላይ ወጣች። የመድረክ መሪው ወጣቱ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ሜዳሊያውን ይዞ «ዘመድዎ ወደ መድረክ ይምጡልን» አለ። ማንም አልተነሳም። እኔ መሬቱ ቢውጠኝ ወደድኩ።

ማይክሮፎኑን ከእጁ ወሰደችው። «ድምፅ ለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ» አለች። «ለምን እንደሰጣችሁኝም አውቃለሁ።» ጋሼ አምቦ ኮፍያውን አውልቆ ያሻሸው ጀመር። «ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። እንዳላፍር ይህን ያህል ሰው መጨነቁን ሳላውቅ አረጀሁ። ስለዚህ አልተቀየምኩም፤ ሥጋውን ብሉ። ለሚመጣው ዓመት ግን ዓይናችሁን ገልጣችሁ ምረጡ፤ ሩፊኖ ያውላችሁ፣ ቁጭ ብሏል።» ሩፊኖ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ሰዉም ሳቁንም እንባውንም አንድ ላይ ለቀቀው። እሷ ግን አልጨረሰችም። «ሜዳሊያውን የምታጠልቅልኝ» አለች፣ «ድምፅ የከለከለችኝ ናት። ታሲንግ፣ ነይ ውጪ።»

እንዴት ተነስቼ እንደሄድኩ አላውቅም፤ የአንድ እግሬ ጫማ ወልቆ ወንበሩ ሥር እንደቀረ ያወቅሁት በኋላ ነው። የመድረክ መሪው ግራ ገብቶት ወረቀቱን ያገላብጣል፤ የሚያጠልቀው ሰው ለተሸላሚው ምኑ እንደሆነ ለሕዝብ መጥራት አለበትና። እናቱ፣ ሚስቱ፣ ልጁ እየተባለ ነው የሚጠራው። ጎንበስ ብሎ «ዝምድናዋን ምን ልበል?» ሲል ጠየቃት።

«ባልደረባዬ በል» አለችው።

እሱም እንዳለችው ጮክ ብሎ ጠራ። እኔም ሜዳሊያውን አጠለቅሁላት። እትዬ፣ ስንት ዓመት አብሬያት ስሠራ ያን ቃል ከእኔ አፍ ሰምታው አታውቅም።

አንቺ ያላሳደጉሽን አሮጊት እንደ እናት የምታጥቢ ሰው ነሽና ልጠይቅሽ፦ የታዘነለት ሰው ተከብሯል ይባላል ወይስ ተንቋል? እኔ እስካሁን አልቆረጠልኝም። የምታስቢውን ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

አባባ ወገብሽን በሞቀ ጨርቅ እንድታስሪ ብሏል። እማማ ስምሽን እየጠራች ሻማ ታበራልሻለች። በርት ሰላም ብሎሻል፤ ልጄ ጆይ ሁለት ጥርሷ መውለቁን ንገሪልኝ ብላለች። ቶቶይ ደብዳቤው ጫፍ ላይ መርከብ ሥሎልሻል፤ መስኮቷ ላይ ያለችው ሴትዮ አንቺ ነሽ ይላል። አብረውሽ ያሉትን የአገር ልጆች በየስማቸው ሳሚልኝ፤ ለአሮጊቷም ጤናቸውን ይስጥልን በይልኝ።

የማትጠግብሽ ታናሽሽ፣
ታሲንግ

ታላባን፣ ፓናይ ደሴት
እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1996