«ቀርተዋል» ስለተባልነው ሁለት ተወዳዳሪዎች፣ ለመርሐ ግብር ኮሚቴው

ለተከበራችሁ የኦንላይን የመኪና እሽቅድምድም ማኅበራችን የመርሐ ግብር ኮሚቴ አባላት፤

ጤናችሁ የተሟላ፣ ስልካችሁም ቻርጅ ያለው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በማኅበሩ ውስጥ «መብረቅ» በሚል ስም የምታውቁኝ፣ በኑሮዬ ግን ቀኑን ሙሉ የመነጽር መስታወት የምቆርጥና የምሞርድ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነኝ። «መብረቅ» የሚለውን ስም ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሰው አያወጣልኝም ነበር። በሕይወቴ በሰዓቱ የደረስኩት ስወለድ ብቻ ነው፤ እሱንም እናቴ ትጠራጠራለች። ስለዚህ ስለ ሰዓት አከባበር ልጽፍላችሁ መነሳቴ እኔንም እንደሚያስቀኝ አስቀድሜ ልናዘዝ።

፩. የሩብ ፍጻሜውን ሰዓት በሦስት ግሩፖች ሦስት ዓይነት አድርጋችሁ በመለጠፍ ለተወዳዳሪው የመምረጥ ነፃነት ስለሰጣችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሦስቱንም ጽፌ መሞረጃው ማሽን ላይ ለጥፌ፣ እነሱን ሳነጻጽር የአንዲት ደንበኛዬን የግራ መስታወት በቀኝ ገጠምኩት።

፪. ሠላሳ ሁለት አባላት ባሉበት ግሩፕ የሚመቸንን ቀን በድምፅ አስመርጣችሁ አርባ አንድ ድምፅ በማግኘታችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። ከትርፎቹ ሁለቱ የእኔ ናቸው።

፫. ጨዋታው ለአራተኛ ጊዜ ተዛውሮ ሰኞ ረፋድ ላይ በሥራ ሰዓት ሲሆን፣ ማስታወሻው የደረሰኝ ሊጀመር ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ለተሰለፉት ደንበኞች «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብዬ ዋሽቼ ጓዳ ገባሁ።

ደንባችሁ ተጋጣሚዎች ከመነሳታቸው በፊት በድምፅ ሰላምታ እንዲለዋወጡ ያዛል። «ማዕበል» የተባለችውን ተጋጣሚዬን «ጤና ይስጥልኝ» አልኳት። «አንተ ነህ እንዴ?» አለች። ታላቅ እኅቴ ነበረች።

እኅቴ የከተማ አውቶቡሶች ስምሪት ኃላፊ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት እናታችን ከሆስፒታል በምትወጣበት ቀን እሷንና እኅቴን መጥቼ ልወስዳቸው ቃል ገብቼ ሦስት ሰዓት ሙሉ አረፈድኩ፤ ሁለቱ ኮሪደር ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲጠብቁኝ ቆይተው በታክሲ ሄደው ነበር። ሰበብ ደረደርኩ እንጂ ይቅርታ አላልኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን አንስታ አታውቅም።

«መብረቅ የሚል ስም ሳይ አንተን በጭራሽ አልጠረጠርኩም» አለችኝ። «ደግሞ ዛሬ እንዴት በሰዓቱ ተገኘህ?»

«በስድስት ደቂቃ ውስጥ ለማርፈድ ጊዜ አጣሁ» አልኳት።

ሳቀች። ሳቋን ስሰማ ሁለት ዓመት ያቆየሁትን ይቅርታ በማይክሮፎን ጠየቅኳት። መኪኖቻችን መነሻው መስመር ላይ ሞተራቸው እያጓራ እንደቆሙ፣ እኛ አርባ ደቂቃ አወራን። ይህን ጨዋታ የጀመረችው «ወንድሜ ምን ይሠራል?» ብላ እናታችንን ጠይቃ፣ እናታችንም ይህን እንደምጫወት ነግራት እንደሆነ ያኔ ሰማሁ።

እናንተ ግን በአሥረኛው ደቂቃ መኪኖቹ አልተንቀሳቀሱም በማለት ሁለታችንንም «ቀርተዋል» ብላችሁ ሰረዛችሁን። የመጣን ሰው «ቀርቷል» ማለት እንደሚቻል ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ።

እሑድ ዕለት እኅቴ ቤት ምሳ በላን። ስልሳ አውቶቡሶችን በየቀኑ የምታሰማራው ይህች ሴት፣ ሳህኖቹ ሳይነሱ የማኅበራችንን ዓመታዊ መርሐ ግብር በአንድ ገጽ ጨረሰችው፦ አንድ የቀን መቁጠሪያ፣ በአንድ ቦታ የሚለጠፍ፤ የሚመቸው ሰዓት ቀድሞ የሚጠየቅ ተጫዋች፤ በዋዜማው የሚላክ ማስታወሻ። የእኔ አስተዋጽኦ እርሳስ መቅረጽ ነበር፤ እሱንም ሁለት ጊዜ ሰበርኩት። ገጹን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ በሦስት ዓይነት ቅጂ እንዳታወጡት በትሕትና እለምናለሁ።

በሦስቱም ግሩፖች፣ በሦስቱም ሰዓት፣ ዘወትር ታዛዣችሁ የሆንኩ፣

መብረቅ
የመነጽር መስታወት ሞራጅ፣ የማዕበል ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልልክ ስል አዲሱ መርሐ ግብራችሁ ደረሰኝ። የእኔና የእኅቴ ድጋሚ ጨዋታ ባለፈው ሐሙስ እንደሚካሄድ ያስታውቃል። ቀደም ብለን ለመገኘት የተቻለንን ሁሉ እናደርጋለን።