ስለ ኳሷ ፊርማዎች እና ስለ አባቴ በአካል አለመቅረብ

ለክቡር አቶ ኣክሊሉ
የመታሰቢያ ዕቃዎች ትክክለኛነት ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ
ኢምፔሪያል አካባቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እያልኩ፣ የቢሮዎ ሊፍት ተጠግኖ ሳይደክሙ ወደ ወንበርዎ ይደርሱ ዘንድ የዘወትር ምኞቴ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ። እኔን በደረጃው በማመላለስ ለጉልበቴ ጤና ያደረጉትን አስተዋጽኦ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። አባቴ ገብረሰንበት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሹፌር ነበር። ቤዝቦል የሚባለውን፣ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ ለልጆች ሊያስተምሩ የመጡ እንግዶችን ከቦሌ ሜዳ፣ ከሜዳ ቦሌ ሲያመላልስ ከርሞ፣ ሊሄዱ ሲሉ ሁሉም አንዲት ነጭ የቆዳ ኳስ ላይ ፈርመው ሰጡት። እሱም እንዲፈርም አጥብቀው ስለለመኑት፣ ከቀዩ ስፌት አጠገብ ስሙን በአማርኛ አስፍሮ ከሥሩ እንደ ልማዱ ረጅም ጭራ ጎተተበት። ከአባቴ የእጅ ጽሑፍ የቀረን ይኸው ብቻ ነው። ሰፈራችን የስፖርት መታሰቢያ ዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጅ፣ ከክፍልዎ ማረጋገጫ ያላገኘ ዕቃ አይገባም ስለተባለ ኳሷን ይዤ መጣሁ። የጎሮው ወዳጄ አቶ ተስፉም የራሳቸውን ሁለት ኳሶች ይዘው አብረውኝ መጡ።

ምርመራዎ እጅግ ጥልቅ ስለነበር ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል።

1. አቶ ተስፉ ኳሶቻቸውን ከውጭ አገር ኤርፖርት ሱቅ መግዛታቸውን፣ ፊርማዎቹም በማሽን የታተሙ መሆናቸውን በገዛ አንደበታቸው አስረድተው ነበር፤ የፈለጉት ለጌጥ እንዲቀመጡላቸው ብቻ ነው። ክፍልዎ ግን ንብረታቸውን እንዳያቃልሉ በትሕትና ገሥጿቸው፣ ሁለቱ ኳሶቻቸው ጎን ለጎን ታይተው እያንዳንዱ ፊርማ በቦታም በመጠንም ቁርጥ አንድ ሆኖ ስለተገኘ «ከናሙናው ጋር ይመሳሰላል» ተብሎ እውነተኛነቱ ጸደቀ። የሰው እጅ ሁለቴ አንድ ዓይነት እንደማይፈርም እኔ በባንክ መስኮት ፊት ላብ እያጠመቀኝ የተማርኩት ነገር ቢሆንም፣ ለእርስዎ መንገር ድፍረት መሰለኝ።

2. የእኔ ኳስ ፊርማዎች እርስ በርሳቸው ስለማይመሳሰሉ ተጠርጣሪ ሆኑ። የተለያዩ ሰዎች ስለፈረሙ ነው ብዬ ባስረዳ፣ ፈራሚዎቹ ወጥ አሠራር መከተል እንደነበረባቸው ተነገረኝ። አንዱ በሰማያዊ፣ ሌላው በጥቁር እስክሪብቶ መፈረሙ፣ ቀለሙ ቆዳው ውስጥ መስረጉ፣ መስመሩ እጅ ባረፈበት ወፍሮ በቸኮለበት መቅጠኑ፣ ስፌቱ ላይ ሲደርስም መዝለሉ ሁሉ «የጥራት ጉድለት» ተባለ። የአቶ ተስፉ ፊርማዎች በማጉያ መነጽር ሲታዩ የነጠብጣብ ክምር መሆናቸው ግን «ንጹሕ ሥራ» ተብሎ ተመሰገነ።

4. (ሦስተኛው የክፍልዎን የምሳ ሰዓት ርዝመት የሚመለከት በመሆኑ ስለ ጨዋነት ትቼዋለሁ።) አባቴ ፊርማው የራሱ መሆኑን እንዲያረጋግጥ መታወቂያውን ይዞ በአካል እንዲቀርብ በመጥሪያ ታዘዘ። ማረፉን ባመለክት፣ እንግዲያው ውክልና እንዲሰጠኝ ተመከርኩ። መልእክቱን መቃብሩ ድረስ ሄጄ አድርሻለሁ፤ እስካሁን ምላሽ አልሰጠም። በሕይወት ሳለም ቢሮ መመላለስ አይወድም ነበር።

5. እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያንስ ይቅርታ ይደረግልኝ። እውነተኛ ፊርማ አይለቅም በሚል መርሕ ኳሶቹ በአልኮል በራሰ ጥጥ ታሹ። የታተመው ፊርማ ከላዩ የተቀባው ማንጸባረቂያ ስለጠበቀው ንቅንቅ አላለም። የአባቴ ግን ለቀቀ። የሠራተኛዎን እጅ ባልይዝ ኖሮ ሁሉም ይሄድ ነበር፤ አሁን ኳሷ ላይ «ሰንበት» የሚለውና ጭራው ብቻ ቀርተዋል፣ «ገብረ» ጥጡ ላይ ነው። አባቴን ሁለተኛ የቀበርኩት ያህል ከፍቶኛል። ጥጡን እንኳ ስጡኝ ብዬ ብለምን፣ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው ተባልኩ።

ትናንት በደረሰኝ የውሳኔ ደብዳቤዎ ኳሷ ሐሰተኛ ስለሆነች በደንብ ተጠርጋ ለልጆች መጫወቻ እንድትሰጥ አዝዘዋል። ለልጆች ያለዎት ፍቅር የሚደነቅ ነው። ሆኖም ዐውደ ርዕዩም፣ ማረጋገጫውም ይቅርብኝ፤ የቀረችውን ግማሽ ስም ሳትጠርጉ ኳሷን ከነጥጡ እንድትመልሱልኝ ብቻ እማጸናለሁ።

የክፍልዎ ጥጥ እንዳይነጥፍ፣ የማጉያ መነጽርዎ እንዳይሰነጠቅ እየተመኘሁ፣ ደረጃዎን ደጋግሜ የመውጣት ዕድል ስለሰጡኝ አንገቴን ዝቅ አድርጌ አመሰግናለሁ።

አክባሪዎ፣
ሃይለኣብ ገብረሰንበት (እስከ አዲስ ትእዛዝ ድረስ፣ ሃይለኣብ ሰንበት)

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎ ለአባቴ በላኩት መጥሪያና በውሳኔ ደብዳቤዎ ላይ ያሉትን ሁለት ፊርማዎችዎን በመስኮት ብርሃን ደራርቤ አየኋቸው፤ የፀጉር ያህል እንኳ አይዛነፉም። በአልኮልም አሸኋቸው፤ አልለቀቁም። በክፍልዎ መስፈርት እርስዎ እውነተኛ መሆንዎን በደስታ አረጋግጣለሁ። አባቴ ግን ኳሷን በእጁ ይዞ ነው የፈረመው፤ ያባቴን ስም የሚያስጠርገውን ወረቀት ይዞ የፈረመ እጅ ካለ፣ እባክዎ መታወቂያውን ይዞ በአካል ይቅረብልኝ።